የሞተር ኒውሮን ሕመምና ኢንሱሊን፦ የሚጠቅመው መልእክቱ ሲጠነክር ነው ወይስ ሲላላ?

ፒፔት_20 ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ ሥራቸው ግን አንድ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ንባብ ላይ ያጋጠመኝ ግጭት ነው። ሲ ኤሌጋንስ የተባለው ትል ላይ የኢንሱሊን ተቀባዩን ዳፍ-2ን ሲያዳክሙት ሲበላሹ ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዙት የሶድ1ና የቲዲፒ-43 ፕሮቲኖች መርዛማነት ይቀንሳል። 2021 ላይ ከለንደን የወጣው የዝንብ ጥናት ደግሞ ሌላው የሕመሙ ምክንያት የሆነው የሲ9ኦርፍ72 (በአጭሩ ሲ9) ጂን ድግግሞሽ በተጫነባቸው ዝንቦች የኢንሱሊን መልእክት መድከሙን ያሳያል፤ ተቀባዩን ሲያነቃቁት ዕድሜያቸው ረዘመ ይላል። አንዱ አጥፉት፣ አንዱ አብሩት። የትኛውን ይዤ መላምት ልጻፍ?

ሁለተኛው የላቦራቶሪ ነው። ከአይፒኤስ ሴል (ወደ ግንድ ሴልነት ከተመለሰ የአዋቂ ሴል) የተሠሩ ሞተር ኒውሮኖች አሉኝ፤ አንዱ የሲ9 ታማሚ መስመር፣ ሌላው በክሪስፐር ጂኑ የታረመ ጥንዱ። 28ኛው ቀን ላይ 100 ናኖሞላር ኢንሱሊን ለ15 ደቂቃ ጨምሬ ፎስፎ-አክትን (መልእክቱ ሲደርስ ሰሪን 473 ላይ ፎስፌት የሚጫንበትን ፕሮቲን) በዌስተርን ብሎት፣ ፕሮቲንን በባንድ በሚያሳየው ዘዴ፣ ሳየው ኢንሱሊን ያገኘውም ያላገኘውም እኩል ጥቁር ባንድ ነው። በታማሚውና በታረመውም መካከል ልዩነት የለም። ሚዲያው (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ኒውሮቤዛል ከኤን2ና ከቢ27 ተጨማሪዎች ጋር፤ የዕድገት ፕሮቲኖቹ ቢዲኤንኤፍ፣ ጂዲኤንኤፍና አይጂኤፍ-1 እያንዳንዳቸው 10 ናኖግራም በሚሊ ሊትር። አንቲቦዲ ለውጬም ያው ነው።

ክሊኒክ የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ፣ ስኳር ያለበት የኤኤልኤስ (የዋነኛው የሞተር ኒውሮን ሕመም) ታማሚ ላይ ይህ ሁሉ ምን ይለውጣል? አመሰግናለሁ።


ጠብታ፦

ከሁለተኛው ልጀምር፤ መልሱ እዚያው ጥያቄህ ውስጥ ተጽፏልና። ሚዲያህን አስላው። ኤን2 ብቻውን በተለመደው መጠኑ 5 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ኢንሱሊን አለው። የኢንሱሊን ሞለኪውላዊ ክብደት 5,808 ስለሆነ ይህ ወደ 860 ናኖሞላር ይመጣል። ቢ27 የራሱን ይጨምርበታል። አንተ 100 ስታክልበት ጎርፍ ላይ አንድ ጣሳ ውኃ እንደ መድፋት ነው። ምግብ ያልቀመሰ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ከ100 ፒኮሞላር በታች ነው፤ ሴሎችህ የሚኖሩት ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ በሚበልጥ ኢንሱሊን ውስጥ ነው።

አይጂኤፍ-1ም አለ። 10 ናኖግራም በሚሊ ሊትር 1.3 ናኖሞላር ነው፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ለራሱ ተቀባይ ከበቂ በላይ ነው። ቢዲኤንኤፍም በራሱ ተቀባይ በትርክ-ቢ በኩል፣ ኢንሱሊን አክትን የሚያነቃበትን ያንኑ ፒአይ3 ካይኔዝ ያስነሳል። ስለዚህ ሰሪን 473 ላይ የምታየው ጥቁር ባንድ ከማን እንደመጣ አይታወቅም፤ ጣሪያ ነክቶ ቆሟል። የታማሚው መስመር ኢንሱሊንን በደንብ የማይሰማ ቢሆን እንኳ በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ጆሮው የደከመም ይሰማል።

ሌላም መዘዝ አለው። ለሳምንታት በዚህ መጠን የቆየ ሴል ተቀባዩን ከገጹ ይሰበስባል፤ ከአክት በታች ካለው ከኤስ6 ካይኔዝ ወደ ኋላ የሚመለሰው ልጓምም መልእክቱን ከተቀባዩ የሚረከበውን አይአርኤስ-1ን ያደክመዋል። በመጨረሻ ጤነኛው መስመር ራሱ ኢንሱሊን አልሰማ ይላል። ይህን በሽታው ያመጣው ነው ብለህ እንዳትጽፍ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ቢ27 ያለ ኢንሱሊን ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ኤን2ን ራስህ ቀምመው፦ ትራንስፈሪን 100 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር፣ ፑትሬሲን 100 ማይክሮሞላር፣ ፕሮጀስትሮን 20 ናኖሞላር፣ ሴሌናይት 30 ናኖሞላር፤ ኢንሱሊኑን ብቻ ተወው። ከሙከራው በፊት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሴሎቹን በዚህ አስርባቸው፤ ቢዲኤንኤፍ፣ ጂዲኤንኤፍና አይጂኤፍ-1ም ይውጡ። ሌሊቱን ሙሉ አታስርባቸው። የጡንቻ ወይም የጉበት ሴል ይችለዋል፣ ሞተር ኒውሮን ግን መሞት ይጀምርና የምትለካው የሞት ዝግጅት ይሆናል።

ኢንሱሊኑን በ10 ሚሊሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሟው፤ በገለልተኛ ፒኤች አልሟሟም ብሎ ይደፈርሳል። 10 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ካለህ 1.72 ሚሊሞላር ነው። አንድ ለሺህ አቅጥነው፣ ከዚያ በአንድ ሚሊ ሊትር 5.8 ማይክሮ ሊትር ስትጨምር 10 ናኖሞላር ታገኛለህ። ማቅጠኛው ውስጥ 0.1 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት አልቡሚን) ይኑርበት፤ ኢንሱሊን ሲቀጥን ከፕላስቲክ ይለጠፋልና ቱቦው ግድግዳ ላይ ይቀርብሃል። መጠኖቹን 0፣ 0.1፣ 1፣ 10፣ 100 አድርጋቸው። 10 ድረስ በዋናነት የኢንሱሊን ተቀባይ ነው የሚናገረው፤ 100 ላይ የአይጂኤፍ-1 ተቀባይም ገብቶበታል። ልዩነት ካለ የምታየው ታች ነው፣ ኩርባው በሚነሳበት።

ማቆሚያው ላይ አትዘግይ። ፎስፌቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወልቃል። ሚዲያውን መጠህ 95 ዲግሪ የሞቀ ላምሊ (ሴሉን አፍርሶ ለብሎት የሚያዘጋጅ ፈሳሽ) በቀጥታ አፍስስበት። ከዚህ በኋላ በቢሲኤ ዘዴ ፕሮቲን መለካት አይሆንልህም፤ ሜምብሬኑ ላይ ጠቅላላ ፕሮቲን ቀልመህ አስተካክል። በሌላው የሴል ማፍረሻ በሪፓ የምትሄድ ከሆነ ፎስፌቱ እንዳይወልቅ ሶዲየም ፍሎራይድና ኦርቶቫናዴት ይግቡ፤ ቫናዴቱ ፒኤች 10 ላይ ተፈልቶ ቢጫው እስኪጠፋ ድረስ ካልነቃ አይሠራም፣ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ማገጃው 5 በመቶ ቢኤስኤ በቲቢኤስቲ። ወተት አይሁን፤ ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ስለሆነ ጀርባውን ያጠቁረዋል።

ሁለት መቆጣጠሪያ አይቅርብህ። አንዱ ፒአይ3 ካይኔዝን የሚያግደው ዎርትማኒን፣ 100 ናኖሞላር ከ30 ደቂቃ በፊት፤ ባንዱ መጥፋት አለበት፣ ካልጠፋ ችግሩ አንቲቦዲው ነው። ሁለተኛው ከአይኤስኤል1 (የሞተር ኒውሮን መለያ) ጋር የፎስፎ-ኤስ6 (ከአክት በታች መልእክቱ መድረሱን የሚያሳይ) ቅልም በማይክሮስኮፕ። ሳህኑ ውስጥ ግሊያም ሌላ ኒውሮንም ስላለ ብሎቱ የሚያሳይህ የጎረቤትን ባንድ ሊሆን ይችላል። የናሙና ቁጥርህም የሚቆጠረው በዲፈረንሺየሽን (ሴሎቹን ወደ ኒውሮን በመቀየር) ዙር ነው እንጂ በዌል፣ በሳህኑ ጉድጓድ፣ አይደለም፤ ከአንድ ዙር የወጡ ስድስት ዌሎች አንድ ናቸው።

በነገራችን ላይ ኒውሮቤዛል 25 ሚሊሞላር ግሉኮስ አለው። የደም ስኳር ቢሆን 450 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር ማለት ነው። ስለ ሜታቦሊዝም የምትጽፍ ከሆነ ይህንንም አስብበት።


እንዝርት፦

ጠብታ ላቦራቶሪውን ጨርሶታል፤ የመጀመሪያውን እኔ ልውሰደው።

ግጭቱ የሚመጣው የኢንሱሊን መልእክትን እንደ አንድ አምፖል ከማሰብ ነው። ተቀባዩ ይነቃል፣ አይአርኤስ፣ ፒአይ3 ካይኔዝ፣ አክት፤ እስከዚህ አንድ መንገድ ነው። አክት ላይ ሲደርስ ይበተናል። በአንዱ ጂኖችን የሚያስነሳውን ፎክስኦን ከኒውክሊየስ አስወጥቶ ያባርረዋል። በሌላው ጂኤስኬ3 በተባለው ኤንዛይም ላይ ፎስፌት ጭኖ ያስረዋል። በሦስተኛው ኤምቶርን ያስነሳል፣ ኤምቶር ደግሞ ፕሮቲን ማምረቱን ከፍ አድርጎ ኦቶፋጂን፣ ሴሉ ቆሻሻውን የሚበላበትን ሥራ፣ በዩኤልኬ1 በኩል ይዘጋል። መልእክቱን ስታላላ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገለበጣሉ፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ሴሉና ጊዜው ነው።

ትሉ ላይ ዳፍ-2 ሲላላ የትሉ ፎክስኦ፣ ዳፍ-16፣ ኒውክሊየስ ይገባና የተበላሸ ፕሮቲን የሚያስታምሙትንና ጭንቀት የሚያስችሉትን ጂኖች ያስነሳል። ዳፍ-2 የተዛባበት ትል ዕድሜው እጥፍ እንደሚሆን ከ1993 ጀምሮ ይታወቃል። ግን ያ ትል ለውጡን ይዞት የተወለደ ነው። እናንተ የምታክሙት ደግሞ 60 ዓመት ኖሮ የታመመ ሰው ነው። ደግሞም በአጥቢ እንስሳ ጡንቻ ውስጥ ፎክስኦ ኒውክሊየስ ሲገባ የሚያስነሳው አትሮጂን-1ንና ሙርፍ1ን ነው፤ እነሱ የጡንቻውን ፕሮቲን ምልክት እያደረጉ ለፕሮቲያሶም፣ ለሴሉ ፕሮቲን ፈጪ፣ ያስረክባሉ። የትሉን ኒውሮን ያዳነው ነገር የሰውን ጭን ያመነምናል ማለት ነው።

የዝንቡ ውጤት ሌላ ነው፤ በጣም የተለየ ነገር ነው የሚለው። የሲ9 ድግግሞሽ ከሚያስመርታቸው አምስት ዳይፔፕታይዶች (ሁለት አሚኖ አሲድ እየተደጋገመ የሚሠራቸው ሰንሰለቶች) ውስጥ አርጂኒን ያለባቸው፣ ፖሊ-ጂአርና ፖሊ-ፒአር፣ ዋነኞቹ መርዞች ናቸው። ጥናቱ ያሳየው ተቀባዩ ሲነቃ ፖሊ-ጂአር መቀነሱን ነው፤ በአጥቢ ሴል ላይም ኢንሱሊን ሲጨመር ፖሊ-ጂአር ወርዷል። ይህ ስለ ሲ9 ነው፤ ወደ ሶድ1 ማሻገር አይቻልም።

ስለዚህ መላምትህን አጥብበው፦ በሲ9 ሞተር ኒውሮን ውስጥ የኢንሱሊን ተቀባይ ሲነቃ ፖሊ-ጂአር ይቀንሳል ወይ? ቢቀንስ ምርቱ ታግዶ ነው ወይስ መወገዱ ፈጥኖ? ሁለተኛውን ፕሮቲን መሥራትን በሚያቆመው በሳይክሎሄክሲሚድ ለመፈተን ትፈልጋለህ፤ ወጥመድ አለው። ፕሮቲን መሥራቱ ሲቆም ነፃ አሚኖ አሲድ ይከማችና ኤምቶርን ራሱ ያነቃዋል፤ ልትለካ የፈለግኸውን መንገድ በሌላ እጅህ ጫንከው ማለት ነው። በየነጥቡ ፎስፎ-ኤስ6ን አብረህ ተመልከት።

ቲዲፒ-43ንም አትርሳው፤ ቀስቱ በሁለቱም በኩል ነው። 2010 ላይ ቲዲፒ-43 ከአዋቂ አይጦች ሲወገድ ቲቢሲ1ዲ1 የተባለው ፕሮቲን ወርዶ ስባቸው በፍጥነት ቀለጠ። 2019 ላይ ደግሞ ከቆሽት ቤታ ሴሎች ሲወገድ የመጀመሪያው የኢንሱሊን ግፊት ደከመ፤ ምክንያቱ የካልሲየም ቻነሉ ካቪ1.2 መጉደሉ ነው። ስለዚህ ታማሚ ላይ የሚታየው የስኳር መዛባት ሁሉ ከጡንቻ መክሳት ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

በዚህ መንገድ ሰው ላይ በስፋት የተሞከረው አይጂኤፍ-1 ነው። በ1997 የሰሜን አሜሪካው ሙከራ፣ 266 ታማሚ፣ በከፍተኛው መጠን መድከሙን አዘገየ አለ። በ1998 የአውሮፓው፣ 183 ታማሚ፣ አላገኘውም። ዳኛ ሆኖ የመጣው የ2008ቱ ነው፦ 330 ታማሚ፣ 0.05 ሚሊግራም በኪሎ በቀን ሁለት ጊዜ ከቆዳ ሥር፣ ሁለት ዓመት። ልዩነት የለም፤ የደም ሥር መርጋት ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ በዛ። በ2003 አይጥ ላይ ዕድሜ ያራዘመው አይጂኤፍ-1 በቫይረስ ተጭኖ ከጡንቻ ወደ ሞተር ኒውሮኑ ወደ ኋላ የተጓዘ ነበር። ከቆዳ ሥር የተወጋው ደም ውስጥ አሳሪ ፕሮቲኖች ይይዙታል፤ አከርካሪ ውስጥ ምን ያህሉ ይደርሳል? በእኔ ግምት እነዚያ ሙከራዎች የወደቁት መድረሻው ላይ ነው፤ ዘዴውን ራሱን ገና አልፈተኑትም።


አይጥ_ቤት፦

ከሴል ወደ አይጥ ለምታልፉ አጭር ነገር ልጨምር። ሶድ1 ጂ93ኤ (የተዛባውን የሰው ሶድ1 የተሸከመ) አይጥ ላይ የግሉኮስ መቻል ፈተና ተሠርቶ «ኢንሱሊን አልሰማም» የሚል ድምዳሜ ስታነቡ መጀመሪያ የጡንቻውን ክብደት ጠይቁ። በኢንሱሊን ተገፍቶ ከደም የሚወጣውን ግሉኮስ አብዛኛውን የሚውጠው ጡንቻ ነው። ጡንቻው ከሳ ማለት ስኳሩ የሚገባበት ጎተራ ጠበበ ማለት ነው፤ የቀረው ጡንቻ ጤነኛ ቢሆንም ኩርባው ከፍ ይላል። 2 ግራም በኪሎ የምትሰጡት ግሉኮስ በጠቅላላ ክብደት ሳይሆን ስብ በሌለው ክብደት ይሰላ።

ማስራቡ 6 ሰዓት ይብቃው። እነዚህ አይጦች ኃይል በብዛት የሚያቃጥሉ ናቸው፤ ሌሊቱን ከተራቡ የራሳቸውን ጡንቻ ሲበሉ ያድራሉ። ደሙ 0፣ 15፣ 30፣ 60፣ 90፣ 120 ደቂቃ ላይ፤ 0ና 15 ላይ ኢንሱሊኑንም ለኩ፣ ካልሆነ ቆሽቱ ይሁን ጡንቻው አትለዩትም። ለኢንሱሊን ፈተናው ከ0.5 እስከ 0.75 ዩኒት በኪሎ፤ 20 በመቶ ግሉኮስ በሲሪንጅ ተሞልቶ ከጎን ይቀመጥ፣ የደከመ አይጥ በድንገት ይወድቃል።

ሴትና ወንድ ለየብቻ፣ ማነጻጸሪያዎቹ ከአንድ ወላድ የሆኑ እኅትና ወንድም፤ የጂኑ ቅጂ ብዛት በኪውፒሲአር (ዲኤንኤ በሚለካ ዘዴ) ይረጋገጥ። ቅጂ የጎደለበት አይጥ ረዥም ዕድሜ ይኖርና መድኃኒታችሁ የሠራ ይመስላችኋል።

ዋናው ግን ይህ ነው፦ ነርቩ የተቆረጠበት ጡንቻ፣ በሽታ ባይኖርበትም፣ በቀናት ውስጥ ኢንሱሊን መስማት ይቀንሳል። ስለዚህ ጤነኛ አይጥ ላይ የአንድ እግር ሳያቲክ ነርቭ የተቆረጠበት ቡድን ከሌላችሁ «በሽታው ያመጣው» እና «የነርቭ መለየት ያመጣው» የሚለውን መለየት አትችሉም። የባት ጡንቻዎቹን ጋስትሮክኔሚየስንና ሶሊየስን አትቀላቅሉ፤ ፈጥነው የሚደክሙት ሞተር ዩኒቶች (አንድ ሞተር ኒውሮን ከሚያዛቸው የጡንቻ ክሮች ጋር) ቀድመው ስለሚሞቱ ሁለቱ በአንድ ቀን በሁለት የተለያየ የበሽታ ደረጃ ላይ ናቸው።


ዋርድ_ተረኛ፦

የክሊኒኩን ጥያቄ ማንም ስላልነካው።

በአጭሩ፦ ለኤኤልኤሱ ብሎ ኢንሱሊን መጀመር የለም፣ ለኤኤልኤሱ ብሎ የስኳር ክኒኑን ሜትፎርሚን መጀመርም የለም። ስኳር ካለበት ስኳሩ ይታከማል፤ የሕክምናው ልማድ ግን ይገለበጣል። በሌላው የስኳር ታማሚ ላይ ክብደት ሲቀንስ ደስ ይለናል፤ እዚህ እያንዳንዱ የጠፋ ኪሎ መጥፎ ምልክት ነው። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በዕረፍት ላይ ሆነው ከሚጠበቀው በላይ ኃይል ያቃጥላሉ።

የዴንማርኩን የ2015 ጥናት ጠቅሶ «ስኳር ከኤኤልኤስ ይጠብቃል» የሚል አለ። 3,650 ታማሚ ተቆጥሮ ስኳር ቀድሞ የነበረባቸው ሰዎች በኤኤልኤስ የመያዝ ዕድላቸው በ0.61 ተባዝቶ ተገኝቷል፤ እውነት ነው። ከበሽታው በፊት የነበረ የሰውነት ክብደት ግን ከጀርባው አለ፣ ስለዚህ የደም ስኳርን ከፍ አድርጎ መተው ሕክምና አይሆንም። ሐሳቡን ወደ ክኒን ለመቀየር የተሞከረውም አልሠራም፦ የስኳር መድኃኒቱ ፒዮግሊታዞን በቀን 45 ሚሊግራም ከኤኤልኤስ መድኃኒቱ ከሪሉዞል ጋር ለ219 የጀርመን ታማሚ ተሰጥቶ ጥቅም እንደማይኖረው ስለታየ ከፍጻሜው በፊት ቆመ። ሜትፎርሚን በሲ9 አይጥ ተስፋ ሰጥቷል፤ በሶድ1 ሴት አይጦች ላይ ግን ምልክቱን አፋጠነ። እንዝርት እንዳለው ጂኑ ይለያል።

መድኃኒት ስትመርጡ። ኤስጂኤልቲ2 አጋጆች በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ግሉኮስ በሽንት ያስወጣሉ፤ ወደ 300 ኪሎ ካሎሪ ሽንት ቤት ገባ ማለት ነው። የጂኤልፒ-1 መርፌዎች የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ፣ ምግብን ሆድ ውስጥ ያቆያሉ። ሁለቱም እየከሳ ላለ ታማሚ አይሆኑም። ሜትፎርሚን ላይ የቆየ ሰው ቢ12 ይለካ፤ ጉድለቱ የራሱን የአከርካሪ ምልክት ይፈጥርና ምርመራውን ያምሳል። ክሬአቲኒንን አትመኑ፤ ጡንቻው ስለከሳ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ኩላሊቱ ጤነኛ ይመስላል፣ በተቻለ በሲስታቲን ሲ ይታይ። የሦስት ወር ስኳሩን (ኤችቢኤ1ሲ) 7 በመቶ ላይ ለማድረስ መታገል አያስፈልግም። መናገር ያቃተው፣ እጁ የማይነሳ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ማንንም መጥራት አይችልም፤ መዋጥ ለሚቸግረውም ጭማቂ ማጠጣት ሳንባ ውስጥ መጨመር ነው። የሆድ ቱቦ ካለው በቱቦው 20 ግራም ግሉኮስ፣ ከሌለው ግሉካጎን ወይም በደም ሥር።

ምግቡ ላይ ብዙ መናገር ይቻላል፣ አንዱን ልበል። ቀጭን ፈሳሽ የሚያስነቅ ታማሚ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻለዋል። ውኃ ያበዛ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ካሎሪ የለውም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሲገባበት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨምራል። በ2020 የታተመው የጀርመን ሙከራ ለ201 ታማሚ በቀን 405 ኪሎ ካሎሪ ስብ ጨምሮ ነበር፤ በጠቅላላው የመኖር ልዩነት አልታየም፣ በሽታው በሚፈጥንባቸው ዘንድ ግን ጥቅም ያለ መሰለ። ስለዚህ ተአምር ብላችሁ አትሽጡት። ጾምም ይጠየቅ። ብዙ ሰው ሐኪም ካልጠየቀው አይናገርም፤ ለሕመምተኛ ጾሙ እንደሚቀልለት የንስሐ አባቱ ሲነግሩት ይሰማል፣ ከእኛ አፍ ግን አይቀበልም። እምቢ ካለም የተልባ ዱቄትና ዘይት ጾም አይሽሩም።


ፒፔት_20፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ጠብታ፣ አንዲት ነገር ቀረች። በ28ኛው ቀን ኒውሮኖቹ ተሰብስበው እንደ ጉብ ይሆናሉ፤ ሚዲያውን ሙሉ በሙሉ ስመጥጥ እንደ ምንጣፍ ይላቀቃሉ። ግማሹን እየለወጥኩ ማስራብ አይበቃም?


ጠብታ፦

አይበቃም፤ አስላው። ከ860 ተነስተህ ግማሹን አምስት ጊዜ ብትለውጥ 27 ናኖሞላር ይቀራል፤ ልትጨምር ካሰብከው 10 ገና ይበልጣል። ስምንት ጊዜ ብትለውጥ 3.4 ላይ ትደርሳለህ፣ እስከዚያ ግን ሴሎቹ ተላቀዋል። አሥር እጁን ብቻ አስቀርተህ ዘጠኝ እጁን ለውጥ፦ ከአንድ ሚሊ ሊትር 900 ማይክሮ ሊትር አውጥተህ 900 መልስ፣ ሦስት ጊዜ። 0.86 ይቀራል። የቀረችው 100 ማይክሮ ሊትር ጉቦቹን ስለምትሸፍናቸው አየር አይነካቸውም፤ የሚያላቅቃቸውም በአብዛኛው የአየሩና የፈሳሹ ጠርዝ ነው። ሚዲያው 37 ዲግሪ ይሙቅ፤ ጫፉን ግድግዳው ላይ አስደግፈህ በዝግታ አፍስስ። ሴሎቹ የሚጣበቁበት የሳህኑ ሽፋን ላሚኒን ብቻ ከሆነ ከሥሩ ፖሊ-ኦርኒቲን ይግባበት፤ በሚቀጥለው ዙር 20ኛ ቀን ላይ በትንንሹ ዘርተህ ብትቀጥል ደግሞ ጉብ መሥራቱ ራሱ ይቀንሳል።

0 ያልከው ዌል ላይ ባንዱ ደብዛዛ ሆኖ ካላገኘኸው ግን ታማሚና ጤነኛ ማወዳደር አትጀምር።